ልባቸውን እናስቀድም ወይስ ስኳራቸውን?

ጥያቄው፦ «ሰላም ዶክተር። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። አባቴ 62 ዓመታቸው ነው። ኩታበር ተወልደው፣ እዚህ ደሴ እህል እየነገዱ ነው ያሳደጉን። ስኳር ካለባቸው 11 ዓመት ሆነ። ባለፈው ወር ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ማታም ተጋድመው መተኛት አቃታቸው። ደረታቸውን አሟቸው አያውቅም። የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂና ኢኮ፣ ሲነሱ ግን ‘ከዚህ በፊት ሀርት አታክ ይዟቸው ነበር፤ ልባቸውም ደክሟል’ ተባልን። አሁን ሰባት ዓይነት መድኃኒት አላቸው፦ ሜትፎርሚን፣ ግሊቤንክላማይድ፣ ኢናላፕሪል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ላሲክስ፣ አስፕሪን 81 እና አቶርቫስታቲን 20። እሳቸው ‘ስኳሬ አላስቸገረኝም፣ የታመመው ልቤ ነው፤ የስኳሩን ላቁመውና ልቤን ላስታመው’ ይላሉ። ጾመኛ ናቸው፣ ረመዷንም እየደረሰ ነው። የቱን እናስቀድም?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ። አባትሽ በእግራቸው የሚሄዱ፣ መድኃኒት የተጀመረላቸው፣ የምትከታተላቸው ልጅ ያለቻቸው ሰው ናቸው። ብዙ የሚሠራ ነገር አለ።

እሳቸው ያሉትን ነገር በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። አንዱ የስኳሩን ትቶ የልቡን ይውጣል፤ ሌላው የልቡን ትቶ የግፊቱን። አልፈርድባቸውም። ሰባት ዓይነት ኪኒን በአንድ ጠዋት መዋጥ ቁርስ እንጂ መድኃኒት አይመስልም። ሰው ኪኒን ሲበዛበት ይመርጣል። ሲመርጥ ደግሞ የሚያመውን ያስቀድማል። ስኳር አያምም። ጣጣውም ይኸው ነው።

መልሴ ባጭሩ፦ የሚቀድም የለም። የአባትሽን ልብ ለዚህ ካበቁት ነገሮች ዋናው ስኳሩ ነው። የስኳሩን መድኃኒት አቁሞ ልብን ማስታመም፣ በሬው አዝመራው ውስጥ ገብቶ ሳለ አጥር እንደማጠር ነው። የኩታበር ልጅ ናቸውና ይህን ስትነግሪያቸው ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ሳትጠይቂኝ አልፈሻል። ደረታቸውን ሳያማቸው እንዴት ሀርት አታክ ያዛቸው?

ስኳር ደም ውስጥ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንዱ የደም ሥሮችን ግድግዳ ነው። ለስላሳ የነበረው ውስጡ ይሻክራል፣ ስብ ይለጠፍበታል፣ መንገዱ ይጠባል። የቆየ የብረት ቧንቧ ተቆርጦ ውስጡን አይተሽ የምታውቂ ከሆነ፣ እንደዚያ ነው። አንድ ቀን የተለጠፈው ስብ ይሰነጠቅና ደም ይረጋበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው የልብ ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል። ሀርት አታክ የሚባለው ይህ ነው።

ሁለተኛው ነርቮችን ነው። እግር ላይ ሲሆን «ይደነዝዘኛል፣ ያቃጥለኛል» ይባላል። ልብም ነርቭ አለው፤ እሱም ይደነዝዛል። ስለዚህ ሌላውን ሰው ደረቱን አስይዞ መሬት ላይ የሚጥል ሕመም፣ የስኳር ታማሚው ላይ እንደ ድካም፣ እንደ ላብ፣ እንደ ማቅለሽለሽ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። አባትሽ ምናልባት ከወራት በፊት አንድ ቀን «ዛሬስ ሰውነቴ ልክ አይደለም» ብለው ሱቃቸውን በጊዜ ዘግተው ገብተው ይሆናል። ያ ቀን ሊሆን ይችላል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርኩትም። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ከሐይቅ በኩል የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ስኳር አለባቸው። «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» አሉኝ። አልቧቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል። እኛ አገር መቼም ከአንገት በታች ያለው ሁሉ ጨጓራ ነው። እኔም አመንኩና የጨጓራ መድኃኒት ጽፌ ሸኘኋቸው። በማግስቱ በሰው ተደግፈው ተመለሱ። ኢሲጂ ሳነሳ ሀርት አታኩ ከያዛቸው አንድ ቀን አልፎታል። ተረፉ፤ መርቀውኝም ሄዱ። እኔ ግን ምርቃቱን ስቀበል አፍሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕድሜው ገፋ ያለ የስኳር ታማሚ «ጨጓራዬ» ካለኝ ኢሲጂ ሳላነሳ አልሸኝም።

አሁን «ልባቸው ደክሟል» ወደሚለው ልምጣ። ቃሉ ያስደነግጣል። ልብ ሊቆም ነው ማለት ግን አይደለም። ደም የመግፋት አቅሙ ቀንሷል ማለት ነው። በደንብ ስለማይገፋ ውሃ ወደ ኋላ ይጠራቀማል። ሳንባ ላይ ሲጠራቀም ትንፋሽ ያጥራል፤ ወደ እግር ሲወርድ እግር ያብጣል። ተጋድመው መተኛት ያቃታቸው ለዚህ ነው። እኔ ታማሚዎቼን «በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከአንድ ትራስ ወደ ሦስት የወጣ ሰው ሳንባው ላይ ውሃ ሳይኖር አይቀርም።

በነገራችን ላይ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሰፈሩም ሁሉ ዳገት ነው። ስለዚህ ለደሴ ሰው «ዳገቱ ነው፣ ብርዱ ነው» ብሎ የትንፋሽ ማጠርን ማለፍ ቀላል ነው። ከሌላ ሰው ጋር አታወዳድሪያቸው፤ ከራሳቸው ጋር ነው። አምና ሳያርፉ የሚወጡትን ዳገት ዘንድሮ ሁለቴ ካረፉበት፣ ዳገቱ አልጨመረም።

መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ ልይልሽ። ሰው ለምን እንደሚውጥ ሲያውቅ መዋጡ ይቀለዋል።

ኢናላፕሪልና ሜቶፕሮሎል የልብን ሸክም ያቀላሉ። ግፊትም ያወርዳሉ። ግን ግፊታቸው ልክ ሲሆን «በቃ ተሻለኝ» ተብሎ የሚቆሙ አይደሉም። የደከመ ልብ ያለው ሰው ዕድሜው እንዲረዝም ከሚያደርጉት መድኃኒቶች ውስጥ ናቸው። ሜቶፕሮሎል በድንገት ሲቆም ደግሞ ልብን ክፉኛ ሊረብሽ ይችላል። ኢናላፕሪል የስኳር ታማሚን ኩላሊትም ያግዛል። አንዳንዱ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ሳል ከያዛቸው ዝም ብለው እንዳይተዉት፤ ለሐኪም ይንገሩ፣ የሚተካ አለ።

ላሲክስ ውሃውን ያስወጣል። ጠዋት ይውሰዱት። ማታ ከወሰዱት ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለሱ ያድራሉ።

አስፕሪን ደም እንዳይረጋ ነው። አንዴ ሀርት አታክ ስለያዛቸው ያስፈልጋቸዋል። ጎረቤት አይቶ «እኔም ልጀምር» እንዳይል ብቻ። የልብ ሕመምም ስትሮክም ኖሮበት የማያውቅ ሰው በራሱ ውሳኔ የሚጀምረው ነገር አይደለም፤ ጨጓራን ያደማል።

አቶርቫስታቲን የኮሌስትሮል ነው ይባላል። ከዚያም በላይ የተለጠፈው ስብ እንዳይሰነጠቅ ያረጋጋዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። የጻፍሽልኝ 20 ሚሊ ግራም ነው። ሀርት አታክ ለያዘው ሰው በአብዛኛው የሚመከረው ከ40 እስከ 80 ነው። መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል የሚሉት፣ ቢያንስ ከ70 በታች እንዲወርድ ይፈለጋል። 20 የሆነበት የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። በቀጠሯችሁ ቀን ጠይቂ እንጂ ራሳችሁ እንዳትጨምሩ።

ሜትፎርሚን ልባቸው ተረጋግቶ ኩላሊታቸው እስከሠራ ድረስ ከልብ ድካም ጋር አብሮ ይሄዳል። ሆድ ካስቸገራቸው ከምግብ ጋር ይውሰዱት።

የሚያሳስበኝ ግሊቤንክላማይድ ነው። ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰው ጠቅሟል። ግን ሰውዬው በላ አልበላ አይጠይቅም፤ ስኳሩን ማውረዱን ይቀጥላል። ዕድሜው የገፋ፣ ምግብ የሚያሳልፍ፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ከልክ በታች ያወርደዋል። በዚያ ላይ ሜቶፕሮሎል አለ። ስኳር ሲወርድ ልብ ድው ድው ይላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሜቶፕሮሎል ይህን ማስጠንቀቂያ ይደብቀዋል። ላቡን ግን አይደብቀውም። ስለዚህ አባትሽ ያለ ምክንያት ካላባቸው፣ ወይም ያለ ጠባያቸው ከተቆጡ፣ ወይም ነገር ከተምታታባቸው ስኳራቸውን ለኪ። ከ70 በታች ከሆነ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠሽ አጠጫቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመሽ ለኪ። መለኪያ ከሌለሽ ሳትለኪም ስጪ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም እንዳታደርጊ፤ ሩጫው ወደ ሐኪም ቤት ነው። ግሊቤንክላማይዱን በሌላ መለወጥ ይቻል እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቂ።

«እንግዲያው ስኳሩን እንደ ጤነኛ ሰው እናውርደው» እንዳትይኝ ደግሞ። ይህም ተሞክሯል። አኮርድ በሚባል፣ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከ10,000 በላይ የስኳር ታማሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ የልብ ስጋት ያለባቸውን ሰዎች ስኳር አጥብቀው አወረዱት። አጥብቀው ባወረዱላቸው ሰዎች ላይ ሞት በዛና በ2008 እ.ኤ.አ. ያኛው ክፍል ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። ለአባትሽ ቁርስ ሳይበሉ ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች መልካም ነው። ኤዋንሲ የሚሉት የሦስት ወሩ ምርመራ ወደ 7 ቢጠጋ ጥሩ ነው፤ እስከ 8 ቢሆንም አልጮህባቸውም። ግፊታቸው ከ130 በ80 በታች ቢሆን እመርጣለሁ።

ሁሉንም አብሮ መያዝ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ለአባትሽ ልትነግሪያቸው የምትችይ ሌላ ጥናት አለ። ዴንማርክ ውስጥ ነው፤ ስቴኖ ሁለት ይባላል። 160 የስኳር ታማሚዎች ብቻ ናቸው። ግማሾቹ እንደወትሮው ታከሙ። ለቀሩት ስኳሩም፣ ግፊቱም፣ ኮሌስትሮሉም፣ አመጋገቡም አንድ ላይ ተያዘላቸው። ስምንት ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ላይ የታከሙት ሰዎች የልብና የደም ሥር አደጋ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። 21 ዓመት ላይ ተመልሰው ሲያዩ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አትርፈዋል። ነጋዴ ናቸው፤ ስምንት ዓመት ትርፍ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልነግራቸውም።

ሌላም የምትጠይቂው አለ። ዳፓግሊፍሎዚን ይባላል። ስኳርን በሽንት ያስወጣል። የስኳር መድኃኒት ሆኖ ወጥቶ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት የልብ ድካምን እንደሚያግዝ አሳየ፤ ስኳር የሌለባቸውን ሰዎች ጭምር። ለአባትሽ ዓይነቱ ሰው አንድ ኪኒን ለሁለቱም ማለት ነው። ዋጋው ከድሮዎቹ ይወደዳል፣ ሁሉም ቦታም አይገኝም። የብልት አካባቢ ፈንገስ ሊያመጣ ይችላል። ምግብና ውሃ በሚቀርበት ጊዜም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያለ ሐኪም ከፋርማሲ ገዝቶ የሚጀመር አይደለም።

ወደ ረመዷን ልምጣ። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልጻፍ። ወሎ ውስጥ ታማሚን «አይጹሙ» ብሎ መሸኘት ብቻውን ምንም እንደማይጠቅም አውቃለሁ። ሰውየው «እሺ ዶክተር» ይልሻል፣ ይጾማል፣ ታምሞ ሲመጣም መጾሙን አይነግርሽም።

በሕክምናው ዓይን አባትሽ ስጋታቸው ከፍተኛ ከሆነው ወገን ናቸው። ሀርት አታክ፣ የልብ ድካም፣ ግሊቤንክላማይድ፣ ላሲክስ፤ አራቱም በአንድ ሰው ላይ። ከሱሁር እስከ ኢፍጣር 13 ሰዓት ገደማ ነው። ላሲክስ ውሃውን እያስወጣ እሳቸው አንድ ጉንጭ ሳይጠጡ ሲውሉ ግፊታቸውም ይወርዳል፣ ኩላሊታቸውም ይጎዳል። ልባቸው ገና ባለፈው ወር ነው የታወቀው። ዘንድሮ ባይጾሙ እላለሁ።

ይህን እኔ ብቻዬን ብላቸው አይሰሙኝም። ቁርኣን ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል፤ ቀዷ (ያልጾሙትን በሌላ ጊዜ መጾም) እና ፊድያም (በጾሙ ፈንታ ድሃ ማብላት) አለ። የትኛው እንደሚመለከታቸው ግን የሚያምኗቸው ሼህ ይንገሯቸው። አንድ ሼህ የመስጊዳቸውን ሰው ይዘው ክፍሌ ድረስ መጥተው ያውቃሉ። እኔ ስለ ልቡ፣ እሳቸው ስለ ሸሪዓው፣ ታማሚውም ስለ ፍላጎቱ ተነጋግረን በአንድ ጊዜ ጨረስን። ከዚያ የተሻለ ቀጠሮ ኖሮኝ አያውቅም።

አሻፈረኝ ካሉ አትጣያቸው። መጣላት መደበቅን ያመጣል። ከጾሙ በፊት፣ በዚህ ሳምንት ብትችይ፣ ወደ ሐኪማቸው ውሰጃቸው። የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ይለወጣል፤ የጠዋቱን ወደ ማታ ዝም ብሎ መገልበጥ ግን አይደለም። በጾም ሰዓት ስኳር ይለኩ፤ ጣት ወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስ አብዛኞቹ ዑለማዎች ይናገራሉ። ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው፣ እዚያው ማፍጠር ነው። 10 ደቂቃ ቢቀረውም። ሱሁርን እንዳያልፉ፣ ወደ መጨረሻው ሰዓት ይብሉ። ኢፍጣር ላይ ሁለት ሦስት ተምር አይከፋም። ችግሩ ከተምሩ በኋላ የሚመጣው ነው፤ በስኳር የጣፈጠው ቀሪቦ፣ ዘይት የጠጣው ሳምቡሳ፣ ከዚያ እንጀራው።

ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችሁም ነገሩ ያው ነው። የዐቢይ ጾም ምግብ ለልብ መልካም ነው። ጉዳቱ ጠዋት የስኳር መድኃኒት ወስዶ እስከ 9 ሰዓት አለመቅመስ ላይ ነው። የንስሐ አባት ያማክሩ።

ምግብ ላይ ሁሉም ሰው ሐኪም ነው፤ እኔም ብዙ ክርክር ተሸንፌያለሁ። «የጤፍ እንጀራ ስኳር የለውም» የሚለውን ግን አልለቅም። ጤፍ ጥሩ እህል ነው። ሆድ ከገባ በኋላ ግን ስኳር ይሆናል። የማሽላውም፣ የገብሱም፣ የስንዴውም እንዲሁ። እህል ነጋዴ ዘንድ እህል ማማት ነውር ነው፤ መጠኑን ነው የማወራው። ችግሩ አንድ ትሪ ላይ ከበን ስንበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም። እንግዳ ሲኖር ደግሞ «በሞቴ» አለ። ስለዚህ ለእሳቸው ለብቻ በሳህን አቅርቢ። ግማሹን ጎመን፣ ሰላጣ፣ ፎሶሊያ ያዥበት። ሩቡን ምስር፣ ሽሮ ወይም የሐይቅ ዓሣ፤ ዓሣው በወጥ ይሁን፣ በዘይት የተጠበሰው ይቅር። የቀረው ሩብ ለእንጀራው ነው። «ለብቻ አልበላም» ካሉ እናትሽም አብረዋቸው ከዚያው ሳህን ይብሉ።

ዘይቱን እዪው። ደሴ ለዚህ የተፈጥሮ ላብራቶሪ ናት። ማታ ፈሳሽ የነበረ ዘይት ጠዋት በብርዱ ረግቶ ካገኘሽው፣ ለአባትሽ ወጥ አይሆንም። ቅቤም ለበዓል፣ ያውም ትንሽ።

ቡናን አልከለክልም፤ ወሎ ውስጥ ቡና የከለከለ ሐኪም ሰው አጥቶ ይቀራል። ስኳሩን ግን እንቁጠር። በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ብንል አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስድስት ማንኪያ ነው። ጠዋትና ከሰዓት ከተፈላ 12። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ነውና 48 ግራም ስኳር በባዶ ሜዳ። በማር ቢተካም ለውጥ የለውም። በጨው የሚጠጡ ከሆነ ደግሞ ለልብ ድካምና ለግፊት ከስኳሩም ይብሳል። የቀኑ ጨው ሁሉ፣ የወጡም የእንጀራውም ተደምሮ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳያልፍ። ጤና አዳም ጣል አድርገሽ ያለ ምንም ስጫቸው። ሁለት ሳምንት ያጉረመርማሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል።

ጫት አልጻፍሽልኝም። ግን እጠይቃለሁ፤ ዱዓ ላይ ይቀመጣሉ? ጫት የልብን ምት ያፈጥናል፣ ግፊት ያወጣል፣ ቀድሞ የጠበበውን የደም ሥር ያጠባል። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ መድኃኒት ወስዶ ራት የሚያሳልፍ ሰው ስኳሩ የት እንደሚወርድ ከላይ ነግሬሻለሁ። ዱዓው ላይ ይቀመጡ፣ ጫቱን ግን ያሳልፉት። ለታመመ ሰው ማንም አይቀየምም።

እንቅስቃሴ፦ ሐኪማቸው ከፈቀደ ሜዳ ላይ፣ እያወሩ መሄድ በሚችሉበት ፍጥነት፣ ከ10 ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ እስከ 30። ደሴ ላይ ሜዳ ማግኘቱ ራሱ ስፖርት ነው፣ አውቃለሁ።

እግራቸውን አደራ። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው እግሩን ለማየት አምስት ዕድል አለው፤ ያልታደልነው እኛ ነን። ሲታጠቡ በጣቶቻቸው መሃል ይዩ፣ ከዚያ በደንብ ያድርቁ። እርጥብ ከተተወ ይላጣል፣ ቁስልም ከዚያ ይጀምራል። ሌላው የደሴ ጣጣ ከሰል ነው። በክረምት እግርን ምድጃ አጠገብ ዘርግቶ መቀመጥ ደስ ይላል። የደነዘዘ እግር ግን ሲቃጠል አይናገርም። ጠዋት ውሃ የቋጠረ እግር ይዘው የመጡ ብዙ አይቻለሁ። ወፍራም ካልሲ ግዢላቸው፤ ምድጃው ራቅ ይበል።

ጉልበታቸውን ሲያማቸው «ዲክሎ» ብለው የዲክሎፌናክ ኪኒን ወይም መርፌ እንዳይወስዱ። ኢቡፕሮፌንም እንደዚሁ። ለደከመ ልብ ውሃ ያስቋጥራሉ፣ ኩላሊትም ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል ይበቃል። አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሽፈራው ወጥ ወይም ሻይ ውስጥ ገብተው አልጣላቸውም። ኪኒኑን አስትተው በጆግ ሲጠጡ ነው የምንጣላው። እየወሰዱ ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ፤ ማንም አይቆጣቸውም። ከተቆጣም ጥፋቱ የሐኪሙ ነው።

እነዚህን ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፦ በድንገት የባሰ ትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ደረት ላይ ወይም ከእንብርት በላይ የሚያጨናንቅ ሕመም፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ የሚሄድ ሕመም። «ጨጓራ ነው» ቢሉሽም እንዳትሰሚያቸው። አስፕሪን አለርጂ ወይም የሚደማ ነገር ከሌለባቸው ከ81ዱ አራት ፍሬ አስኝኪያቸውና ወዲያው ሆስፒታል። ፊታቸው ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከተኮላተፈ ግን ያ ስትሮክ ነው፤ አስፕሪኑን ትተሽ ሩጪ።

ለቀጠሮው ቀን ሰባቱንም መድኃኒት ከነማሸጊያው በፌስታል ያዢ። የሦስት ወሩ ስኳር፣ የኩላሊትና የፖታሲየም፣ የኮሌስትሮል፣ የሽንት ፕሮቲንና የዓይን ምርመራ መቼ እንደተሠራ ጠይቂ። ያልተሠራው ይሠራ። ክብደታቸውንም በየቀኑ ጽፈሽ ውሰጂ። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በቀላል ልብስ ይመዘኑ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመሩ የጨመረው ውሃ ነው፤ ትንፋሻቸው እስኪያጥር ሳትጠብቂ ያን ዕለት ለሐኪማቸው ንገሪ። ሚዛን ግዢ አልልሽም። ሱቃቸው ያለው የእህል ሚዛን ሰው ካቆመ ይበቃል፤ ጤፉን ከማውረዳቸው በፊት እሳቸው ይውጡበት።